የተወውን አሳዩኝ

አባ ኦሊ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ወንድሜ ግርማ ከሰርቦ ደውሎ፣ «አባ ኦሊ አረፉ፤ ቀብሩም ከዙሁር ሶላት በኋላ አለቀ» አለኝ። እስላም ሬሳ እንደማያሳድር አውቃለሁ፤ ግን አንጀቴ ቅጥል አለ። ትንሽ ቢጠብቁኝ ኖሮ ደርሼ ባለቀስኩላቸው። ስልኩን ዘግቼ ጥቂት ከተቀመጥኩ በኋላ ተነሳሁና የግቢውን በር ቆለፍኩ። በጠራራ ፀሐይ! ለምን እንደቆለፍኩት አትጠይቁኝ። የሳቸው ስም ሲነሳ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው፤ ልቅሶው ከኋላ ነው የሚደርሰው።

እሳቸውን የምፈራ እንዳይመስላችሁ። ኧረ እሳቸውስ ዝንብ የማይነኩ ሰው ነበሩ። የምፈራው እሳቸው የሚያውቁትን ነገር ነበር።

አባ ኦሊ ጅማ ውስጥ፣ እኔ ባደግኩበት ሰፈር፣ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። እድሩ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ የገባበት ነው፤ ያው አንዱ ድንኳን ዛሬ ለተዝካር ነገ ለሰደቃ ይተከላል። በንጉሡ ጊዜ ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ከሸቤና ከሰርቦ ገበሬዎች ቡና እየገዙ ይሰበስቡ ነበር። አብዮቱ መጥቶ ነጋዴው ሲወረስ ለሳቸው ጨውና ላምባ የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ቀረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው ጥጥ የመሰለ ሰው ናቸው። ከሰው ጋር ሲገናኙ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን ነው የሚያዩት። እናቴ፣ «እኚህ ሰውዬ ሰላም ሲሉኝ የተፈተሽኩ ይመስለኛል» እያለች ትስቅ ነበር።

ሌባ ገባ በተባለበት ቤት ሁሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይመጡና ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። ባለቤቲቱ ደረቷን እየመታች፣ «ብረት ድስቴን! ጋቢዬን!» ስትል ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ዝም ያሰኟታል።

«የወሰደውን ተይው ኢንተላ። የተወውን አሳዪኝ።»

ኢንተላ በኦሮምኛ ልጄ እንደ ማለት ነው። ለሳቸው ሴት ሁሉ፣ እናቴም ጭምር፣ ኢንተላ ነበረች። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ያልተነካውን ዕቃ አንድ በአንድ ያያሉ። ሌባው ምኑን እንዳለፈው፣ የቱን አንስቶ መልሶ እንዳስቀመጠው፣ የትኛውን ሳጥን ሳይከፍት እንደሄደ ያያሉ። እኛ የጎደለውን ስናለቅስ እሳቸው ከቀረው ላይ ሰውየውን ያነቡታል።

አንድ ክረምት የኛ ቤት ተሰረቀ። ሬዲዮናችን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል፣ የአባቴ ካፖርት ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የጠፋው ለምሳ የተሠራው ወጥ ከነድስቱና የተረፈው እንጀራ ነው። አባ ኦሊ ሬዲዮኑን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ፣ «ይሄ ሌባ አይደለም» አሉ።

«ወጡን ከነድስቱ አንስቶ የሄደ ሌባ ካልሆነ ምንድነው? ቄስ ነው?» አልኳቸው። ያኔም አፌ አያርፍም ነበር።

«ልጆች ያሉት ሰው ነው» አሉኝ፣ አልሳቁም። ከጥቂት ቀን በኋላ ድስቱ ታጥቦ ደጃችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አባ ኦሊ ዱቄት አስጭነው ወደ አንድ ቤት መላካቸውን ሰማን። ወደ የትኛው ቤት እንደሆነ እናቴ ጠይቃ ጠይቃ ደከማት።

ስርቆት ወቅት እንዳለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ቡና ሲለቀም ሌባ ከሰሌን ላይ ቡና ነው የሚያፍሰው፤ ድስትሽን ደጅ ብታሳድሪው የሚነካልሽ የለም። ቡናው ተሸጦ ሰው እጁ ላይ ነገር ሲይዝ ሌባው ገበያ ይወርዳል፤ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ላይ ኪስ ይዳበሳል። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ግድግዳ ቢፈርስ አያሰማምና የቤት ሰርሳሪው ጊዜ ነው። አባ ኦሊ ይሄን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው በየደጃፉ ይዞራሉ። «ማሎ ኢንተላ፣ ሰሞኑን የያዙት ዶሮ ነው፤ ቆጡን ወደ ውስጥ አስገቢው» ይላሉ። ማሎ እባክሽ ማለት ነው። ያልሰማቸው ሰው በማግስቱ ዶሮ የለውም።

እንደው ምን ልበላችሁ፣ የሳቸው ትልቁ ነገር ግን ገለባ ማፍሰስ የምንለው ነው። የከበደ ዕቃ ሲጠፋ፣ የሙሽራ ወርቅ እንበል፣ እድሩን ይሰበስቡና ቀን ይቆርጣሉ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤት አንድ ጆንያ የቡና ገለባ አፉን አስሮ ይዞ ይመጣል፤ ገለባ እንደሆነ ጅማ ሞልቷል። ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ግቢ ተራ በተራ እየገባን እንዘረግፋለን። የሌላውን እጅ ማየት ክልክል ነው። ሁሉም ካፈሰሰ በኋላ አባ ኦሊ መንሽ ይዘው ክምሩን ይበትኑታል፤ የጠፋው ዕቃ ከመሀል ብቅ ይላል። ማን እንዳመጣው የጠየቀ ሰው እድሩ ይቀጣዋል። አንድ ጊዜማ የሚፈለገው የግድግዳ ሰዓት ሆኖ ሳለ አምና ጠፍቶ የነበረ ፋኖስም አብሮ ወጣና ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባለፋኖሷ ሴትዮ ግን ዕቃዋን አቅፋ አለቀሰች።

ሌባው ማን እንደሆነ እሳቸው እንደሚያውቁ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ አንድ ቀን፣ «አባ ኦሊ፣ ታዲያ ለምን ስሙን አይነግሩንም?» አላቸው።

«ስሙን ከጠራሁት እስኪሞት ድረስ ሌባ ትሉታላችሁ» አሉ። «ልጆቹንም የሌባ ልጆች ትሏቸዋላችሁ። እኔ ዕቃችሁን ነው የማመጣላችሁ። ሰው አላመጣም።»

እንዲህ ሆነን እየኖርን ያ ዘመን መጣ።

ቀይ ሽብር የሚባለውን ለማያውቅ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ መንገድ ዳር ሰው ወድቆ አያለሁ። ቆሜ ባለቅስ የሱ ወገን ናት ይሉኛል። ፊቴን ባዞር፣ ለምን አዞረች እባላለሁ። ስለዚህ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ እግሬን ሳላፈጥን ሳላዘገይ እሄዳለሁ። እቤት ስደርስ ዳቦው እጄ ላይ ተጨምድዶ አገኘዋለሁ። ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ አሳጠረ። ግድግዳው ቀጭን ነው እያልን ከገዛ እናታችን ጋር በሹክሹክታ እናወራለን።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የዚያው የሰፈሩ ልጅ ነው። አባ ኦሊ ከረሜላ እያጎረሱ ያሳደጉት ነው። ሽጉጥ ከታጠቀ ወዲህ ግን በሱ ፊት የሚያስል ሰው እንኳ አፉን በእጁ ይዞ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪናው ጠፋ ተባለ። ወሬው ሲደርሰን እናቴ ይዛው የነበረው ሳህን ከእጇ ወደቀ። ያኔ የጽሕፈት መኪና ከጠመንጃ በላይ ነው የሚፈራው፤ በድብቅ የሚበተነው ወረቀት የሚጻፈው በሱ ነውና። የሰረቀው ሰው ሌባ አይባልም። ፀረ አብዮት ነው፤ ፀረ አብዮት ደግሞ አይታሰርም፣ ይረሸናል። የአብዮት ጥበቃዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «በዚህ ሰፈር ታይፕ የተማረ ማነው?» ብለው ነው። ታይፕ የተማረው ወንድሜ ግርማ ነው። ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ጫማውን እንኳ ሳያስር ወሰዱት።

ያሰሩት ከነጋዴ በተወረሰ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳህኑን ተቀብሎ ባዶውን ከመለሰልኝ ግርማ አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጪ» ካለኝ ግን አለቀ። ከኛ በፊት እንዲህ የተባሉ እናቶችን አይቻለሁ፤ ሳህኑን እንደያዙ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ይላሉ። ጥበቃው ሳህኑን ተቀብሎኝ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል እቆማለሁ።

እናቴ አባ ኦሊ እግር ላይ ወደቀች። «ልጄን! ልጄን!» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። እሳቸው አነሷትና ኮፍያቸውን አስተካክለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ሳህኔን ይዤ ተከተልኳቸው።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ እግሩን ሰቅሎ አገኘነው። «ምን ፈለግህ?» አላቸው። አንተ! ያንን ሽበት አንተ ሲለው ጆሮዬን አላመንኩም።

«ዕቃ ጠፋ ሲሉ ሰምቼ ነው ጓድ» አሉ። «ማሎ፣ የተወውን አሳዩኝ።»

ሊቀመንበሩ ነገሩ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ አሳያቸው። የተቆለለው ወረቀት አልተነካም። ካርቦኑ አለ። ወረቀት የሚባዛበት ስቴንስልም መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ነው። ከጽሕፈት መኪናው ሌላ የጠፋው የአዳራሹ መጋረጃና የዘበኛው ዝናብ ልብስ ነው። አባ ኦሊ ይሄን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ያንን ፊታቸውን አልረሳውም።

«አያችሁ» አሉ እየተቻኮሉ፣ «ወረቀት የሚበትን ሰው ወረቀቱን ትቶ መጋረጃ ይወስዳል? ይሄን የወሰደው ምን እንደወሰደ እንኳ አያውቅም። ብረት ነው፣ ይሸጣል ብሎ ነው። ይሄ ልጅ ታይፕ የተማረ ነው፤ እሱ ቢሆን ካርቦኑንና ስቴንስሉን ይተዋል? ልጁን ልቀቁት። ይሄ የተለመደ ሌባ ነው።»

ሊቀመንበሩ እግሩን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አወረደ።

«የተለመደ?» አለ። «ታውቀዋለህ ማለት ነዋ።»

አባ ኦሊ ያኔ ነው የገባቸው። የሰውን እጅ ሲያዩ የኖሩ ሰውዬ የገዛ አፋቸው ሳያዩት አመለጣቸው። ወንድሜን ለማስፈታት ብለው ሌላ ሰው ገመድ ውስጥ ሊያስገቡ ነው።

«ዕቃው እሁድ ይመጣል» አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞ። «ዕቃችሁን አመጣለሁ።»

«አምጣ። ከዚያ ሰውየውን ትነግረኛለህ። እሁድ ካልመጣ ደግሞ...» ወደኔ ዞሮ የያዝኩትን ሳህን አየ። «ይቺ ልጅ ትመላለሳለች ብለህ ነው?»

ነፍሴ ወጣች። እንዴት እቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

አሁን ችግሩን ተመልከቱት። ዕቃውን የሰረቀው ሰው የሠራው ሌላ ነገር ሆኖ የተፈረደበት ሌላ ነገር ነው። ይዞ ብቅ ቢል ይገድሉታል፣ ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍሮ ቢቀብረው ይሻለዋል። እሱ ከቀበረው ደግሞ ግርማ አለቀ። ገለባ እናፍስስ እንዳይባል ገለባ ቀላል ነው፤ ያንን የሚያህል ብረት የያዘ ጆንያ ከሩቅ ያስታውቃል። ጥበቃዎቹ ደግሞ ቆመው ያያሉ፤ አትዩ የሚላቸው ማን ነው?

አባ ኦሊ ከሱቃቸው ሳይወጡ ዋሉ። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደው፣ «የእሁዱ ዘመቻ መንገድ ሥራ ይሁን» አሉት። ያኔ እሁድ እሁድ ሰፈሩ ሁሉ ለልማት ይወጣ ነበር። በቀበሌው ፊት ያለው መንገድ ክረምቱ ቦርቡሮት ትልቅ ጉድጓድ ሆኗል። «እያንዳንዱ ቤት አንድ ጆንያ ድንጋይ ይዞ ይምጣና እንሙላው፤ ዕቃችሁም ከዚያው ይወጣል» አሉት። ሊቀመንበሩ ሳቀ። እሱ የፈለገው ሰውየውን ሲያፈስ እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው፤ ተስማማ። አባ ኦሊ በየቤቱ ዞረው የተናገሩት ግን ሌላም ነገር ነበረው። «ከባድ ከባዱን ድንጋይ ምረጡ። ጆንያውን አፉን እሰሩት። መፈክር ሲባል ፍቱ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ አፍስሱ።»

እሁድ ጠዋት ወጣን። እኔና እናቴ ጆንያችንን በጋራ ይዘን እየጎተትን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጎብጦ ይሄዳል፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሁሉም። የሚያወራ የለም፣ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጥበቃዎቹ ጠመንጃ ይዘው ግራና ቀኝ ቆመዋል። «የሚፈራውን ያዙ» ተብለው እንደነበር ኋላ ሰማን። ምስኪኖች! የማይፈራ ከየት ያምጡ? የሁላችንም ከንፈር ደርቋል። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ከነጆንያዋ ወደቀች። ጥበቃው ሮጦ ጆንያዋን ሲዘረግፈው ድንጋይ ነው። እናቴ እጄን ስትጨምቀኝ ጥፍሯ ገባ። «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች።

ጉድጓዱን ከበን ቆምን። አባ ኦሊ ከጉድጓዱ ማዶ፣ ባንዲራው ሥር ቆመው ነበር። መፈክር የማሰማት ልምድ የላቸውም፤ ያን ቀን ግን ያ ለስላሳ ድምፃቸው ተሰንጥቆ ወጣ።

«ኢትዮጵያ ትቅደም!»

መፈክር ሲሰማ ወደ ባንዲራው ዞሮ ግራ እጁን ያላነሳ ጥበቃ ራሱ ነገ ይጠየቃል። ሊቀመንበሩም ዞረ፣ ጥበቃዎቹም ዞሩ፣ ግራ እጃቸው ሁሉ ሰማይ ላይ ወጣ። በዚያች ቅጽበት ሰፈሩ ሁሉ እየጮኸ ጆንያውን ገለበጠው። አቧራው ተነሳ፣ የድንጋዩ ድምፅ መሬቱን አንቀጠቀጠው። ዘወር ብለው ሲያዩ እኛ ሁላችንም ባዶ ጆንያ ይዘን ቆመናል።

በአካፋ ሲቆፍሩት መጋረጃ የተጠቀለለበት ነገር ወጣ። ሊቀመንበሩ ፈታው፤ ጎኑ ቢሰረጎድም የጽሕፈት መኪናው ነው። ማንም እልል አላለም። ማንም ማንንም አላየም። ግርማን የለቀቁት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ራሱን ላጭተውት፣ ከንፈሩ አብጦ መጣ። እናቴ ስታቅፈው ዝም ብሎ ቆመ።

አባ ኦሊን ግን እዚያው አስቀሯቸው።

አሁን ስንቅ የምታመላልሰው ሚስታቸው አዴ ዘይነባ ሆነች። ባዶ ሳህን ይዛ ስትመለስ እያየን አልሐምዱሊላህ እንላለን፣ እኛ ክርስቲያኖቹም ጭምር። ሌባው ማን እንደሆነ ግን አናወራም። እኔ ግን ቀን ከሌት የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይናገሩ ይሆን? መሀላችን አንድ ሰው አለ። የሱ ነፍስ በእኚህ ሽማግሌ ምላስ ጫፍ ላይ ናት። ውሃ ስንቀዳ አጠገቤ የቆመውን ሰው ፊት እሰልላለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ቆሜ የሰው እጅ አያለሁ። እሱም እንደኔ ነው የሚፈራው፣ ወይስ ከኔ ይበልጥ?

ከዚያ አንድ ቀን ከየቤቱ አንዳንድ ሰው ቀበሌ ግቢ ይሰብሰብ ተባለ። ከኛ ቤት እኔ ሄድኩ። በሰልፍ አቆሙን። አባ ኦሊን ሁለት ጥበቃዎች ደግፈው አመጧቸው፤ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ኮፍያ የላቸውም። ኮፍያ የሌለው ራሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ፣ «ጊዜ አታባክን። ሂድና አመልክት» አላቸው።

በሰልፉ ፊት ቀስ እያሉ ሄዱ። እያንዳንዱ ሰው ፊት ቆመው ትክ ብለው ያያሉ። መጀመሪያ ላይ የቆመውን ቆርቆሮ ሠሪ፣ «ወይ አባ ፊጣ፣ መቼ ከሐጅ ተመለስክ?» አሉት። ሰውየው ወልደ ማርያም ነው የሚባለው። ቀጥለው የመንደሩን አዋላጅ በሞተች እህቷ ስም ጠሯት። እኔ ጋ ደረሱ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አረፈ፣ አላወቁኝም። «ፋጡማ» አሉኝ፣ «እናትሽ ደህና ናት?» አዎ አልኳቸው፤ ምን ልበል?

ሊቀመንበሩ ክንዳቸውን ጨብጦ አዞራቸው። «ትቀልዳለህ? አመልክት አልኩህ!»

አባ ኦሊ ጣታቸውን አነሱ። ጣቱ በሰልፉ ላይ ሲሄድ ሰው ሁሉ እንደ ሣር ወደ ኋላ አለ። ጣቱ ዞሮ ዞሮ ሊቀመንበሩ ላይ ቆመ።

«ፊታውራሪ!» አሉት፣ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱ። «እርስዎ ደግሞ መቼ መጡ? ግብሩን አምጥቼልዎታለሁ።»

ፊታውራሪ! በዚያ ዘመን፣ ያንን ሰው! ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ በፍርሃት ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን መዘዘ። አባ ኦሊ ግን ፈገግ ብለው ሽጉጡን አይተው፣ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ዕቃ ነው» አሉት። ሊቀመንበሩ ብዙ ከቆየ በኋላ ሽጉጡን መለሰ። «ይሄ ለቋል። አውጡልኝ» አለ።

እንዲህ ሆኖ ተረፉ። ሰፈሩም መትተው አሳበዷቸው ብሎ አዘነ። ሱቋ ተዘጋች። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በማይሆን ስም ይጠራሉ። የሚያስጠነቅቀን ጠፋና ሌባው በየወቅቱ ይዘርፈን ጀመር። የራሳቸው ዶሮዎች ሳይቀሩ በዓይናቸው ሥር ተወሰዱ፤ ዝም አሉ። ገለባ ማፍሰስም ቀረ፣ ደግሞ ያነሳው የለም።

እኔም አምኜ ነበር። አንድ ሐሙስ ግን ሂርማታ ገበያ ከአዴ ዘይነባ ጋር ቆመው አየኋቸው። አንድ ጎረምሳ የአንዲት ባላገር ሴት መቀነት ሲፈታ ዓይናቸው ጎረምሳው እጅ ላይ ተተከለ። ያ የድሮው ዓይን ነው! ከዘራቸው ብድግ አለ። ወዲያው ዙሪያቸውን ቃኝተው ከዘራውን መለሱትና ፊታቸውን እንደ ሕፃን ፊት አድርገው ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር። ላብ ወረደኝ። አውቀው ነው! ሁሉን ያስታውሳሉ! ይሄን ማወቄን ማንም እንዳያውቅብኝ ወደ ሌላ ተራ ገባሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለግርማም አልነገርኩም። ሰው በእንቅልፉ ያወራል እያልኩ መተኛት ፈራሁ። እኔ ይሄን ያህል ከፈራሁ ያንን ስም የያዙት ሰውዬ ምን እያሉ ያድሩ ይሆን?

ዓመታት አለፉ። ደርግ ወደቀ፣ ሊቀመንበሩም የገባበት ጠፋ። አባ ኦሊ ያኔ ሰርቦ ሴት ልጃቸው ቤት ገብተው ነበር። አገሩ ትንሽ እንደተረጋጋ ግርማ፣ «ሂጂና የሰውየውን ስም ጠይቂልኝ» አለኝ። ሰው ባየ ቁጥር ይሄ ይሆን እንዴ እያለ መኖር መሮታል። ሊበቀል አይደለም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው። እኔም ለራሴ መስማት ፈልጌ ነበር።

አባ ኦሊ ግድግዳ ተደግፈው ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። አዴ ዘይነባ አጠገባቸው ምስር ትለቅማለች። እጃቸውን ሳምኩና ጎናቸው ቁጭ አልኩ።

«አባ ኦሊ፣ ሰዎቹ ሄደዋል» አልኳቸው። «ከእንግዲህ የሚመታዎት የለም። አውቀው እንደረሱ እኔ አውቃለሁ፤ ገበያ ላይ አይቼዎታለሁ። የዚያን ሰው ስም ይንገሩኝ። ለግርማ ነው።»

በሩን አዩ። እኔንም አብረው አስፈሩኝና ተነስቼ ዘጋሁት።

«መጀመሪያ ውሸቴን ነው» አሉ። «ሲመቱኝ ግን ስሙ እዚህ ድረስ መጣ።» ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነኩ። «እዚህ ድረስ። አንድ ቀን ቢደግሙኝ ይወጣል። ስለዚህ ሱብሂ በሰገድኩ ቁጥር ለመንኩት። ያ ረቢ፣ ይሄን ስም ከውስጤ አውጣልኝ፣ ቢመጡ ባዶ ያግኙኝ አልኩት። ዓመት ከዓመት ለመንኩት።»

«እና?»

«ሰማኝ። አንድ ጠዋት ስነሳ የለም። አልሐምዱሊላህ አልኩ።» ወደ አዴ ዘይነባ ዞሩና ትክ ብለው አዩዋት። «አንዱን ብቻ ለይቶ አልወሰደልኝም እንጂ።»

አዴ ዘይነባ ምስሩን ትታ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። «ልጆቹን በስማቸው መጥራት ከተዉ ቆዩ» አለችኝ። «እኔንም ሴትዮ ነው የሚሉኝ። አብሬያቸው አርጅቼ።»

እንባዬን ልይዘው ብል አልያዝ አለኝና እንደ ልጅ አለቀስኩ። አባ ኦሊ ደነገጡ። በእጃቸው ራሴን ዳበሱኝ።

«አታልቅሺ ኢንተላ፣ ማሎ አታልቅሺ። አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ፣ አውቅሻለሁ» አሉኝ። «ስምሽ ማን ነበር?»

«በላይነሽ» አልኳቸው።

«በላይነሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ እንዳያመልጣቸው የያዙት ያህል። ልሄድ ስነሳ እንደገና ጠየቁኝ። እንደገና ነገርኳቸው።